«ምን ሠርተሽ ነው የሚደክምሽ?»

ሊጠይቁኝ የመጡት ገና አሁን ወጡ። ወገቤን ቀዶ ጥገና ከተደረግኩ ሰባት ሳምንቴ ነው። በጎኔ ተጋድሜ፣ ትራስ በጉልበቶቼ መሃል አድርጌ ነው የምጽፈው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ከንዴት ይሁን ከድካም አላውቅም፤ ከሁለቱም ይመስለኛል።

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሄዱ። ሦስት ሰዓት ተኩል! ዶክተሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳልቀመጥ ነግሮኛል። ግን እትዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠው እኔ እንዴት ተኝቼ ልቀበላቸው? የወገብ መደገፊያ ቀበቶዬን አጥብቄ ተቀመጥኩ። አቦል ተጠጣ። ቶና ተጠጣ። በረካው ሲደርስ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር። ይቅርታ ጠይቄ «ትንሽ ጋደም ልበል» አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

«አሁንም ተኝተሽ ነው የምትውይው?» አሉኝ።

«ይደክመኛል፣ እትዬ።»

«ምን ሠርተሽ?»

ምን ሠርተሽ! አምስት ሰው በተቀመጠበት! ሁሉም ሲኒውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰውነቴ ገና እየዳነ ስለሆነ ነው» አልኩ። ድምፄ ራሱ አልወጣም።

«እኔ አራት ልጅ ወልጄ፣ ክርስትና ሳይደርስ ጓዳ ገብቼ እንጀራ ጋግሬያለሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ መኝታ! ሰውነት እኮ ሲተኛ ነው የሚደክመው።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ «አንቺም አታሞላቅቂያት» አሏት።

እማዬ ዝም አለች። ሌሊት ሌሊት ተነስታ ደግፋ ሽንት ቤት የምታደርሰኝ እማዬ፣ ዝም አለች። ለትልቅ ሰው መልስ አይሰጥም፣ አውቃለሁ። ግን ከእትዬ ንግግር ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያመመኝ።

ሲወጡ ደግሞ በሩ ላይ ጉንጬን ስመው «ለማንኛውም ደህና ትመስያለሽ፣ ፊትሽም ሞላ ብሏል» አሉኝ። የተሠራው ፊቴ አይደለም እኮ! ወገቤ ነው!

ምን እንደሠራሁ ልናገር እንግዲህ። አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንቴ በ4 ብሎንና በ2 ዘንግ ታስረዋል። እዚያ ለመድረስ ጡንቻው ከአጥንቱ ተላቅቆ ወደ ጎን ተይዟል። ብሎኑ ደግሞ ደግፎ መያዣ ነው እንጂ መዳኛ አይደለም። ዋናው አጥንቱ ራሱ ተያይዞ አንድ ሲሆን ነው። ያ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ዓመት ይሞላል። እኔ ተኝቼ ሰውነቴ ቀንም ሌሊትም አጥንት እየገነባ ነው። የፈሰሰውን ደም እየተካ ነው፤ ሄሞግሎቢኔ፣ የደም መጠኔ ማለት ነው፣ ወደ 9 ወርዶ ነበር። በዚያ ላይ የነርቩ መድኃኒት፣ ፕሪጋባሊን የሚባለው፣ ራሱ ያፈዛል። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ደህና እንቅልፍ ግን የለም። ጎኔን በቀየርኩ ቁጥር እነቃለሁ። ይኸው ሥራዬ!

ትናንት ገላዬን ታጠብኩ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እማዬ በጆግ እያፈሰሰችልኝ። ጠጉሬን ላሽ ሁለት እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ክንዴ የራሰ ጋቢ ሆኖ ከበደኝ። ወጥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ሆንኩ፤ ልብስ ለመልበስ ግን አቅም አጣሁ። ሃያ ደቂቃ በፎጣ ቁጭ አልኩ። ከጠጉሬ የሚንጠባጠበው ውሃ በጀርባዬ እየወረደ ፋሻው ጋ ሲደርስ ይሰማኛል፣ እጄን ልኬ ለመጥረግ ግን አልቻልኩም። የዚያ ቀን ሥራዬ በቃ እሱ ነበር። ገላ መታጠብ።

ሕመም ቢሆን ሰው ያምናል። ስታቃስቺ ውሃ ያቀብልሻል። ድካም ስትዪ ግን ስንፍና ነው የሚሰማው።

መሥሪያ ቤቴም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት ከሰው ኃይል ተደወለልኝ። «ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል አይደል? ታዲያ ምን ቀረሽ?» ምን ቀረሽ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እኮ ለሕመም እስከ 6 ወር ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። እኔ አሁን ግማሹ ላይ ነኝ። የቤት ኪራዩ ግን አልተጋመሰም። ለመተኛት ብላ ግማሽ ደመወዟን የምትሰጥ ሰነፍ የት ነው የታየችው?

ውሃውን ደግሞ ተዉት። በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። ሊፍት የለም። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ለእኔ የተፈቀደልኝ 5 ኪሎ። ስለዚህ እማዬ ናት በግማሽ በግማሽ እየቀዳች የምታወጣው። ደረጃው ላይ እያረፈች ስትተነፍስ አልጋዬ ድረስ ይሰማኛል። ተኝቼ እሱን እሰማለሁ። ሙልቅና ይህ ከሆነ ለማንም አይድረስ።

እንቁላሉንም ሳልናገረው አላልፍም። ሐኪሙ ፕሮቲን ብዪ ብሎኛል፣ የንስሐ አባቴ «ድነሽ ትጾሚያለሽ» ብለው ፈቅደውልኛል። እትዬ ግን ሳህኑ ላይ ቅርፊቱን አዩና «በሁዳዴ?» አሉ። አንድ ቃል። ቤቱ እንደገና ዝም አለ።

አብረዋቸው የመጡት ሰውዬ ደግሞ «ወጌሻ ጋ ብትሄጂ በሁለት ቀን ይመልስልሽ ነበር» ይላሉ። እግሬ ደንዝዞ ነጠላ ጫማ ሲወልቅብኝ አይታወቀኝም ነበር እኮ! መንገድ ላይ ሰው ነው ጠርቶ «ጫማሽ» የሚለኝ። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ይመልስ ይሆናል። ነርቭ ላይ የተጫነ ዲስክ፣ በወገብ አጥንቶች መሃል ያለው ማለቴ ነው፣ በቅቤ ታሽቶ አይነሳም።

ጠያቂ አልጠላሁም። ማክሰኞ የታችኛዋ ጎረቤታችን ቅንጬ ይዛ መጣች። ልነሳ ስል «ተኚ፣ ተኚ፣ ሞቼ እገኛለሁ» አለችኝ። የተጠራቀመውን ዕቃ አጠበች፣ ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች። አሥር ደቂቃ አልሞላም። እሷ ከወጣች በኋላ አልቅሻለሁ።

እማዬ አሁን ገባች። መድኃኒቴን አቀበለችኝና እግሬ ሥር ተቀመጠች። «ልመልስላት ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው?»

«ዕድሜዋን አፈርኩት።»

እጇን ይዣለሁ። ግን አሁንም ተናድጃለሁ። እትዬ እሁድ ከእድሩ ሰዎች ጋር እመለሳለሁ ብለዋል።