ብስክሌት ጠፈር ላይ ምን ይሠራል?

ኤሊ ብሉ የተባለች አሜሪካዊት አሳታሚ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖርትላንድ ከተማ ለየት ያሉ የአጭር ልብወለድ መድበሎች ታዘጋጃለች። ታሪኩ ሳይንሳዊ ልብወለድ መሆን አለበት፤ ብስክሌት ይኑርበት፤ ፌሚኒስትም (ለሴቶች እኩልነት የቆመ) ይሁን። እንዲህ ያለ ገደብ ድርሰትን ይጠቅማል ወይስ ያንቃል? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል።

ተቃዋሚ፦ ብዕር ሳይነሳ መልሱ የታወቀ ድርሰት ምኑ ይነበባል? ሴቷ ብስክሌት ላይ ትወጣለች፣ ነፃ ትሆናለች፣ አለቀ። ደግሞስ በሮኬት ዘመን ፔዳል መምታት ምን የሚሉት ነው?

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ብስክሌት ተራ ዕቃ የሆነው ለእርስዎ ነው። በ1897 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ ይሰጥ አይሰጥ ሲባል ወንዶቹ ተማሪዎች ምን አደረጉ? የሴት አሻንጉሊት ሠርተው፣ ብስክሌት ላይ አስቀምጠው፣ ከመንገዱ በላይ ሰቀሏት። ሐሳቡ ውድቅ ሲሆን አውርደው ቦጫጨቋት። ዲግሪው የተፈቀደው በ1948 ነው! መጽሐፍ የያዘች ሴት መስቀል ይችሉ ነበር እኮ። ያስፈራቻቸው ግን በገዛ ጉልበቷ፣ ያለ ሸኚ የምትሄደዋ ናት። ይህን ፍርሃት ማርስ ድረስ ወስዶ ማየት ለእኔ ደህና ሳይንሳዊ ልብወለድ ነው። ሮኬት ሲበላሽ መሐንዲስ ይጠራል። የብስክሌት ካቴና ሲወልቅ ግን ሴቷ እጇን ግሪስ አስነክታ ራሷ ትመልሰዋለች።

ተቃዋሚ፦ የካምብሪጁ ነገር ልብወለድም አላስፈለገው፤ እንዲሁ ያስደነግጣል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ደንሎፕ የተባለው ሰው በ1888 በአየር የሚነፋ ጎማ ሲያወጣ ብስክሌት ተመቸ፣ የጎማ ገበያም ጦፈ። ከዕፅዋት የሚገኘው ጥሬ ጎማ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ይገዛት የነበረችው ኮንጎ ነበረች። እዚያ ባሎች የታዘዘውን ጎማ ከጫካ እስኪያመጡ ሚስቶቻቸው ይታገቱ ነበር። ለንደን ላይ አንዷ ነፃ ስትወጣ ኮንጎ ላይ ሌላዋ ትታሰራለች። ብስክሌትን ጀግና ያደረገ መድበል ይህን የት ያስገባዋል?

ደጋፊ፦ እዚያው ነዋ! ብስክሌት ይኑርበት ተባለ እንጂ ንጹሕ ይሁን ማን አለ? ማርስ ላይ የሚተነፈሰው አየር በኩፖን ነው እንበል። አንዷ ጎማዋን ለመንፋት የማንን ድርሻ ትወስዳለች? የጎረቤቷን? የልጇን? ይኸው ኮንጎዎ መጣ። እርስዎ ይጻፉትና ይላኩላቸው።

ተቃዋሚ፦ እርስዎ ከጻፉት አነባለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ብስክሌቷ ጎማዋ ተንፍሶ ትቁም።