ይድረስ ለክቡር የፍሬን ሰርቮ ቫኪዩም ቱቦ

ጉዳዩ፦ በእርስዎ ጥፋት የተቀጡ ንጹሓንን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ቧንቧ፣ ከማኒፎልዱ፣ እስከ ፍሬን ሰርቮው ያለውን አጭር መንገድ ይዘው ለዓመታት ያለ ተቆጣጣሪ ኖረዋል። ሥራዎም ከባድ አልነበረም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል፤ እግር ከቤንዚን መስጫው ሲነሳ የካርቡራተሩ መዝጊያ ስለሚከደን በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ይህንኑ ልዩነት ሳያባክኑ ለሰርቮው አድርሰው የሾፌሩን እግር ማገዝ ብቻ ነበር።

እርስዎ ግን በአሮጌዋ ፔጆ 504 ኮፈን ሥር፣ ልክ ከማሰሪያው ቀለበት ከፋሼታው ጥግ ተሰነጠቁ። ቀጥ ብለው ሲታዩ እንከን አይወጣልዎትም፤ ጎንበስ ሲያደርጉዎት ግን ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ብቅ ይላል። በዚያ የሚገባው አየር በካርቡራተሩ በኩል ስላላለፈ ቤንዚን አልያዘም፤ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ሞተሩም በሚኒሞ (እግር ከቤንዚን መስጫው ተነስቶ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል። ቤንዚን ሲሰጠው በደጃፉ የሚገባው አየር ስለሚበዛ የእርስዎ ሾልኮ መግባት ከቁጥር አይገባም፤ በመካኒኩ ፊት ጨዋ መስለው የሚቀርቡትም በዚህ ዘዴ ነው።

አንጀት የሚያሳርረው ግን ጠበቃ ማግኘትዎ ነው። የጤነኛ ሞተር ቫኪዩም፣ ማለትም ያ የግፊት ልዩነት፣ በባሕር ጠለል ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ሲሆን፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናትና የመለኪያው ዝቅ ማለት ሁሉ «ከፍታው ነው» ተብሎ ተዘጋ። ከፍታ ግን ኮፈን ሥር ሆኖ አያፏጭም፤ በፒንሳ ቢቆነጥጡትም ሞተር አያረጋጋም። እርስዎ ሲቆነጠጡ ሞተሩ ወዲያው ተረጋጋ።

ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ከፊት አይሱዙ ተደቅኖ (መቼስ በዚያ መንገድ አይሱዙ አይጠፋም) ፍሬኑ አልረገጥ ሲል የተሰማኝን በጽሑፍ ማስፈር ጨዋነት አይሆንም።

ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እየገለጽኩ፣ በምትክዎ ተራ የቤንዚን ቱቦ ሳይሆን ቫኪዩም ሲስበው የማይጨፈለቅ ወፍራም የሰርቮ ቱቦ መመደቡን አስታውቃለሁ። በፕላስተር ተጠቅልለው የሚያቀርቡት ይግባኝ ተቀባይነት የለውም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለካርቡራተር፣ ያለ ጥፋቱ ተፈቶ ስለታጠበ፤
ለእሳት ሰጪዎቹ ካንዴላዎች፣ ገና በጉብዝናቸው ስለተባረሩ፤
ለሱሉልታ ከፍታ፣ ስሙ ስለጠፋ።