ሶፍትዌር አያዳላም ያለው ማነው?

ጨዋታውን ሶፍትዌር በተጫዋቾች ቁጥር የሚያጫውትበት የሲሙሌሽን ቤዝቦል ሊጋችን ኮሚሽነር የወቅቱን ሽልማት በሦስት መስመር ማስታወቂያ ገላገለን። ከእንግዲህ የባለቡድኖች ድምፅ ብሎ ነገር የለም። ኤምቪፒውም (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች)፣ ሳይ ያንጉም (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ)፣ የዓመቱ ጀማሪም የመጨረሻው ጨዋታ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ የተፋው ስም ነው። ዘንድሮም ኤምቪፒነቱ ለአርቢአይ (በምቱ ለሚገቡ ነጥቦች ቁጥር) መሪው ሄደ፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ምክንያቱ ደግሞ ሰው ያዳላል፣ ሶፍትዌር አያዳላም የሚል ነው።

ጤፉን የሰፈረው ማሽን ነው ቢባል እንኳ ቁናውን የሠራው ሰው ነው። የሽልማት ቀመር ማለት አንድ ፕሮግራመር ቁጭ ብሎ ለሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ለሚገባበት ምት) ይህን ያህል፣ ለአርቢአይ ይህን ያህል ይሰጥ ብሎ የወሰነው ክብደት ነው። አድልዎው የትም አልሄደም፤ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆልፎበታል። ያዳላ ባለቡድን ቢኖር የድምፅ ወረቀቱን አውጥተን ለምን እንዲህ አደረግህ ብለን እናፋጥጠዋለን። ቀመሩን ማን ያፋጥጠዋል?

ወደ አርቢአዩ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አርቢአይ የሚቆጥረው መቺው በመታ ጊዜ ስንት ሯጭ ቤት ገብቶ ነጥብ እንዳስቆጠረ ነው፤ መቺው ራሱም ከገባ ይቆጠራል። ቤዙ (ሯጮች የሚቆሙባቸው ሦስት ማረፊያዎች) ባዶ ሆኖ የተመታ ሆም ረን 1 ነው፤ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ የተመታው ያው ምት 4 ነው። ሦስቱን ሯጮች እዚያ ያደረሷቸው ከእሱ በፊት የመቱ ሰዎች ናቸው። ስትራት-ኦ-ማቲክ የተባለውን የቤዝቦል ሲሙሌሽን በካርድና በዳይስ የተጫወተ ሁሉ ይህን የሚነግረው ሰው አያሻውም። ሦስት ዳይስ ይጣላል፤ አንደኛው ከ1 እስከ 3 ካወጣ የመቺው ካርድ፣ ከ4 እስከ 6 ካወጣ የፒቸሩ ካርድ ይነበባል፤ የቀሩት ሁለቱ ዳይሶች ድምር ደግሞ የካርዱን መስመር ይመርጣል። በመሠረታዊው ጨዋታ ዳይሱ ቤዝ ላይ ማን እንደቆመ አያውቅም፣ ግድም የለውም። እንበል አንድ መቺ 30 ሆም ረን መታ። በየምቱ በአማካይ አንድ ሯጭ ቤዝ ላይ ከጠበቀው ከእነዚህ ብቻ 60 አርቢአይ ይዞ ይወጣል። በየሦስት ምቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሯጭ ካገኘ 40 ላይ ይቀራል። የሃያው ልዩነት ከካርዱ አንዲት ነጥብ ሳይነካ የመጣ ነው፤ ያመጣው የምት ተራውን የጻፈው ባለቡድን ነው። እና የሸለምነው ማንን ነው? አራተኛ መቺውን ነው ወይስ ከፊቱ ዎክ (በአራት የተሳሳተ ውርወራ በነጻ ቤዝ መሄድ) እየወሰዱ ቤዙን የሞሉለትን ሁለቱን?

ደካማ ቡድን ውስጥ የገባ ጎበዝ መቺማ አለቀለት። አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል።

የ2012ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የአሜሪካን ሊግ የኤምቪፒ ክርክር እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ነው፤ ከናሽናል ሊግ ጋር ከሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ሊጎች አንዱ ነው። የዲትሮይቱ ሚጌል ካብሬራ በ0.330 የምት አማካይ፣ 44 ሆም ረንና 139 አርቢአይ ትሪፕል ክራውኑን (በሦስቱም ሊጉን መምራት) ወሰደ፤ ከካርል ያስትረምስኪ የ1967 ክብር ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የኤንጅልሱ ማይክ ትራውት 0.326 መታ፣ 30 ሆም ረን አከለ፣ 49 ቤዝ ሰረቀ፣ 129 ጊዜ ቤት ገባ፣ ሴንተር ፊልድን (የሜዳውን የኋላ መሃል) እንደ ጓሮው ጠበቀ፤ አርቢአዩ ግን 83 ነው። ለምን? የመጀመሪያ መቺ ስለነበረ ነዋ! ጨዋታው ሲከፈት ባዶ ቤዝ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በኋላም ተራው የሚደርሰው ከስምንተኛውና ከዘጠነኛው መቺ ኋላ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ድምፁ 22 ለ6 ሆኖ ካብሬራ አሸነፈ። ካብሬራ ቡድኑን ፕሌይ ኦፍ (ከመደበኛው ወቅት በኋላ ያለው የዋንጫ ፍልሚያ) አስገባ የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ይባስ የሚያስቅ ነበር። ዲትሮይት 88 ጨዋታ አሸንፎ ገባ፣ ኤንጅልስ 89 አሸንፎ ውጭ ቀረ። ትራውት ጥፋቱ ከባድ ምድብ ውስጥ መገኘቱ ነው ማለት ነው?

ይኸው የሰው ስህተት አይደለም ወይ የሚለኝ አለ። ነው። ቴድ ዊልያምስም በ1947 ትሪፕል ክራውን ወስዶ ኤምቪፒውን በጆ ዲማጂዮ በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 202 ለ201፣ ተነጥቋል። ይህንን ሰጥቻችኋለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልሰጥም። ሰው የሚድንበት ስህተት አለው። በ1990 ፒቸሩ ቦብ ዌልች 27 ጨዋታ ስላሸነፈ ብቻ ሳይ ያንግ ተሰጠው፤ የዚያ ዓመት ኢአርኤው (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ሒሳብ የሚቆጠርበት ነጥብ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል) 2.95 ሲሆን የሮጀር ክሌመንስ 1.93 ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ እነዚያው ጋዜጠኞች 13 አሸንፎ 12 ለተሸነፈው ፌሊክስ ሄርናንዴዝ ሰጡት፣ ኢአርኤው 2.27 ነበርና። በ2018 ጄኮብ ዲግሮም በ10 ድልና በ9 ሽንፈት አሸነፈ፤ በ2025 ደግሞ ፖል ስኪንስ 10 ለ10 ሆኖ በሙሉ ድምፅ ወሰደው። ሰዉ ተከራከረ፣ ተሰዳደበ፣ ተማረ። ቀመር አይማርም፤ ከፍቶ የሚያስተካክለው ካልመጣ እንደ ዌልች ዘመን እያሰበ ይኖራል።

ሜዳውስ? የኮሎራዶ ቡድን ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ግድም ላይ ናት። በእኛ አቆጣጠር ወይና ደጋ ብትሆን ነው፣ ከሐዋሳም ዝቅ ትላለች፤ ለቤዝቦል ኳስ ግን አየሩ ሳስቶላታል፣ ትበራለች። ሊጉ ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ ያለው ቡድን ካለ ማስተካከያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በቤቱ ጨዋታዎች ሁለቱም ቡድኖች በጨዋታ ያስቆጠሩትን ደምረህ ከሜዳው ውጭ ለተቆጠረው ታካፍላለህ። በቤቱ 11፣ ውጭ 9 ከሆነ 1.22 ይመጣል። ተጫዋቹ ግማሹን ጨዋታ ውጭ ስለሚጫወት ትርፉን በግማሽ ትቆርጣለህ፤ 1.11 ሆነ። ይህንን ዘለህ የመቺዎችን ሠንጠረዥ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ሜዳውን መሸለም ነው። ጭፍን ቅነሳም አልወድም፤ ላሪ ዎከር በ1997 ለኮሎራዶ ከመታቸው 49 ሆም ረኖች 29ኙ በሌሎች ቡድኖች ሜዳ የተመቱ ነበሩ። የቤትና የውጭ ቁጥሩን ለየብቻ ማየት የሰው ሥራ ነው።

መሃል ወቅት ላይ የተሸጠ ተጫዋች ሌላው ጣጣ ነው። ማርክ ማግዋየር በ1997 በድምሩ 58 ሆም ረን መታ፤ 34ቱ በአሜሪካን፣ 24ቱ በናሽናል ሊግ ስለተከፈሉ የትኛውንም ሊግ አልመራም። በ1984 ግን ሪክ ሰትክሊፍ ከክሊቭላንድ ወደ ቺካጎ ተሻግሮ 16 አሸንፎ 1 ብቻ ሲሸነፍ፣ መራጮች ናሽናል ሊግ ውስጥ የሠራውን ብቻ አይተው ሳይ ያንጉን ሰጡት። ሁለት ንዑስ ሊግ ያለው ሲሙሌሽን ይህን ጥያቄ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልመለሰ፣ ሶፍትዌሩ በዝምታ ይመልስለታል።

መከላከሉን ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። በስህተት ማነስ ብቻ ወርቃማ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) የሚያድል ሠንጠረዥ፣ ኳሷ ጋ ደርሶ የማያውቀውን ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆም ተከላካይ) ያነግሣል። ያልደረሰባትን ኳስ እንዴት ሊስታት ይችላል!

ድምፅ መስጠት ያን ያህል ከባድ ነው? የቤዝቦል ጋዜጠኞች ማኅበር በየሊጉ 30 መራጭ ይመድባል፣ ከየከተማው ሁለት ሁለት። ለኤምቪፒ አሥር ስም ይጻፋል፤ ነጥቡ ከላይ 14፣ ከዚያ 9፣ 8፣ 7 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ለሳይ ያንግ አምስት ስም ነው፣ 7፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1። ፕሌይ ኦፍ ሳይጀመር ድምፁ ይዘጋል፤ የጥቅምት ጀግና የስድስት ወር ሥራ እንዳይሸፍን። 12 ባለቡድን ላለው ሊግ አምስት ስም ይበቃል። የራስ ተጫዋች አይጻፍም። ባለቡድኖች ተፎካካሪን ሆን ብለው ከወረቀቱ እንደሚያስቀሩ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱ የእያንዳንዱን ወረቀት ከነስሙ ማውጣት ነው፣ ሐፍረት ያለበት ይታረማል። ብቁ ለመባል ቡድኑ ለተጫወተው ለእያንዳንዱ ጨዋታ 3.1 ጊዜ ለመምታት መቅረብ ይጠየቅ፤ በ162 ጨዋታ 502 ይሆናል፣ በ81 ግን 251። በግማሽ ወቅት ሊግ ላይ 502ን እንዳለ የተወ ኮሚሽነር አንድም ብቁ መቺ አያገኝም፣ ከዚያም ሶፍትዌሩ ተበላሸ ይላል። እነዚህ ሁሉ ወቅቱ ሳይጀመር ተጽፈው መቀመጥ ነበረባቸው፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ለዘንድሮውም ቢሆን አልመሸም። የመደበኛው ወቅት የመጨረሻ ቀን ፋይል ኮሚሽነሩ ጋ አለ፤ የቤትና የውጭ ቁጥሩን አብሮ ይላክልን። ለ12 ሰው ሦስት ቀን ይበቃል።