ያላከመው ሐኪም መዳኑን እንዴት ይመሰክራል?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሦስት ቀን በላይ ታሞ የቀረ ሠራተኛ «ሙሉ በሙሉ መዳኑን» የሚገልጽ ማስረጃ ከሆስፒታል ካላመጣ ወደ ሥራው አይመለስም፤ የጤና ጣቢያ ወረቀትም ተቀባይነት የለውም ይላል። ሠራተኞቹ ቅሬታ ሲያቀርቡ ከአስተዳደር ኃላፊው ያገኙት መልስ ከማስታወቂያውም የባሰ ነው፦ «ለራሳችሁ ጤና አስበን ነው። አንድ ወረቀት ማምጣት ምን ይከብዳል?»

ምን እንደሚከብድ ልንገራቸው። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ፋብሪካ ክር ክፍል ውስጥ ይሠራል። ለበዓል እናታችን ዘንድ መሐል ሜዳ ሄዶ ታይፎይድ ያዘው። የአካባቢው ጤና ጣቢያ መረመረው፣ መድኃኒት ሰጠው፣ የሰባት ቀን የሕመም ፈቃድ ጻፈለት። ትኩሳቱ ለቆት፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዞ፣ በስምንተኛው ቀን ማለዳ በር ላይ ደረሰ። ጥበቃው መለሰው። ሆስፒታል ሄዶ ካርድ አወጣ፣ ተሰለፈ፣ ተራው ሳይደርሰው መሸ። በማግስቱ ያገኘው ሐኪም የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «የት ነው የታከምከው?» ወንድሜ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አሳየው። ሐኪሙ አነበበው፣ ሆዱን ጫን ጫን አድርጎ አየና «ለሥራ ብቁ ነው» ብሎ ፈረመ።

እንግዲህ ፋብሪካው በአክብሮት የተቀበለው የሆስፒታል ወረቀት የተጻፈው፣ በር ላይ የናቀውን የጤና ጣቢያ ወረቀት መሠረት አድርጎ ነው። በሐኪሙ አልፈርድም። በሽታውን ያላየ ሰው መዳኑን ከየት አምጥቶ ይመስክር? ወንድሜ ግን በዚህ ምክንያት የሁለት ቀን ደመወዙ ተቆርጧል።

ሕጉ ይህን አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 85 የሕመም ፈቃድ ለማግኘት የሚጠይቀው በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ነው። ጤና ጣቢያን መንግሥት ራሱ ሠርቶት፣ ባለሙያ መድቦለት፣ ማኅተም ሰጥቶት ሳለ የፋብሪካ አስተዳደር «አላውቀውም» የማለት ሥልጣን ከየት አገኘ?

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «ሙሉ በሙሉ መዳኑን» የምትለዋ ቃል ናት። ይህን የጻፈ ሰው መዳንና ለሥራ ብቁ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አያውቅም፤ ወይም ማወቅ አይፈልግም። የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። መድኃኒቱን የተላመደ ዓይነት ካልሆነ በቀር ሕክምናው ስድስት ወር ይፈጃል። መድኃኒቱን በአግባቡ የጀመረ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ አቅሙ ሲመለስለት እየዋጠ መሥራት ይችላል። «ሙሉ በሙሉ ድኗል» ተብሎ የሚጻፍለት ግን ስድስቱ ወር ሲያልቅ ነው። አዋጁ በ12 ወር ውስጥ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድም ከስድስት ወር አይበልጥም። በአንቀጽ 86 መሠረት የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። መሥራት የሚችል ሰው በአንዲት ቃል ምክንያት ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጣል ማለት ነው። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል? ልጆቹስ ምን ይበላሉ?

ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ሲያስለው ምን ያደርጋል? ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባለ ያደገ ሰው፣ እንጀራው እንዳይቋረጥ ብሎ ይደብቃል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የሚሠሩት። ምርመራ ፈርቶ የሚያስል አንድ ሰው እዚያ መካከል ሲቆም ማስታወቂያው ያዳነው የማንን ጤና ነው? ይህ ጤናን መጠበቅ አይደለም፤ በሽታን በገዛ እጅ ወደ ፋብሪካ ማስገባት ነው። የነቀርሳ መድኃኒት በነፃ የሚሰጠው፣ በሽተኛው መዋጡን የሚከታተለው፣ አክታውን ደግሞ የሚመረምረው ማን ነው? ያው ወረቀቱ የተናቀበት ጤና ጣቢያ ነው! ስለ በሽተኛው ከማንም በላይ የሚያውቀውን ተቋም በር ላይ መልሶ፣ ምንም የማያውቀውን መጠየቅ ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው?

ሐሰተኛ የሕመም ፈቃድ የሚያመጣ አለ ይባላል። ይኖራል። የተጠረጠረውን ወረቀት ወደ ሰጠው ጤና ጣቢያ ደውሎ ማጣራት ይቻላል፤ ያጭበረበረውም ይጠየቅ። አንድ አጭበርባሪ ለመያዝ ገና ከሕመሙ ያላገገመውን ሁሉ ሰልፍ ላይ ማቆም ግን ግፍ ነው።

ኃላፊው በእርግጥ ለሠራተኛው ጤና የሚያስቡ ከሆነ መንገዱ ቅርብ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 92 አደገኛ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች አስፈላጊ ሲሆን በአሠሪው ወጪ እንዲመረመሩ ያዛል። ለተመላሹ ሠራተኛ ሁሉ ምርመራ ካስፈለገም በዚያው መንፈስ ይሁን፤ ወጪው የፋብሪካው፣ ቀኑም የሥራ ቀን ሆኖ ይቆጠር። ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ተከፍቶ ነርስ ይቀመጥበት። ነርሱ የጤና ጣቢያውን ወረቀት ይቀበል፤ «ይሥራ፣ ለጊዜው ግን ከባድ ዕቃ አያንሳ» ወይም «ሌሊት አይግባ» ብሎ ለክፍሉ ኃላፊ ይጻፍ። ማስታወቂያው ዛሬውኑ ይነሣ። ወንድሜን ጨምሮ በዚህ ምክንያት ከበር የተመለሱት ሁሉ የተቆረጠባቸው ደመወዝ በሚቀጥለው ክፍያ ይመለስላቸው።