የግልገል ዓባይን አፍ ማን ይጠብቅ?

ፍልሰታ ሲገባ ባሕር ዳር ላይ የዓሣ ገበያው ይሞቃል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም፣ ገዢ ግን አይጠፋም። አምና ነሐሴ ላይ ከጣና ሐይቅ ዳር ቆሜ አንዲት እናት ነጭ ዓሣ ሲበልቱ አየሁ። ቢላዋው ሆዱን ሲከፍተው እንቁላል በእፍኝ ሙሉ ዝርግፍ አለ፤ ከአንጀቱ ጋር ወደ ዳር ጣሉት። ቀጥለው ያነሡትም እንቁላል የቋጠረ ነበር። ሦስተኛውም።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ሐይቁን ትተው ወንዝ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ገባር፣ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በጎጃም በኩል ዋናው መንገዳቸው ግልገል ዓባይ ነው። መረብ የሚዘረጋውም እዚያው፣ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ። ዓሣው ተሰብስቦ የሚያልፍበት በር ስለሆነ ብዙ ሳይለፉ ብዙ ይያዛል። ዘንድሮ የተያዘችው እናት ዓሣ ግን የከርሞዎቹንም ይዛ ነው የምትሄደው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ በባሕር ዳር ዙሪያ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ መውረዱ በጥናት ታይቷል። ይህ እንግዲህ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረው ነው።

ሕግ የለም አይባልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን አዋጁ ወንዙ አፍ ላይ አያድርም። እዚያ የሚያድሩት አጥማጁና ባለማሳው ናቸው። ባለሙያ አንድ ቀን መጥቶ መረብ ወርሶ ቢመለስ፣ መረቡን የተነጠቀው ሰው ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ መንገድ ከሌለው በዱቤ ሌላ ይገዛል። እኔ በዚህ አልፈርድበትም።

በጎጃም ምድር ሰው የራሱን ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣና ዳር ባለችው ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፤ አቡነ በትረ ማርያም ተቀበሉት ከሚባለው ቃል ኪዳን ጀምሮ ማረሻ ነውር ነው። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና ይለቀማል፣ ጫካውም አለ። ደኑን ያቆየው ከከተማ የተላከ ዘበኛ አይደለም።

ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ በመጣ ጊዜም ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ያኔ ጉልበቱ ተጠየቀ፣ ሐሳቡ ግን አልተጠየቀም። ደንገል የት እንዳለቀና የት እንደቀረ ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ከእርሱ ታንኳ የሚሠሩት የወይጦ ወገኖቻችንም እንዲሁ ሳይጠየቁ ነው የኖሩት።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ዓሣው በሚወጣባቸው የክረምት ወራት የግልገል ዓባይ አፍ ይዘጋ፤ የሚዘጉትም አጥማጆቹ ራሳቸው ይሁኑ። ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን፣ ከየት እስከ የት፣ ምን ዓይነት መረብ የሚለውን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብለው ይወስኑ። አጥፊውንም በራሳቸው ጉባኤ ይቅጡ። ለቀረባቸው ገቢ ደግሞ የጥበቃ ደመወዝ ይከፈላቸው። ለስብሰባና ለወርክሾፕ ከሚወጣው ላይ ይህ አይጠፋም።

ግን ግንቦት ላይ ይጠሩ። ሐምሌ ከገባ መረቡ ውኃ ውስጥ ነው።