ባትሪው ነው!

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እኛ ሐበሾች ቡና ከምንጠጣበት የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደጃፍ መኪናዬ እምቢ አለችኝ። ቁልፉን አዞርኩ፤ «ጠቅ» አለችና ዝም። ወርጄ ኮፈኑን ገና በግማሽ ሳልከፍት፣ አንድ ጋሼ የወረቀት ኩባያቸውን እንደያዙ፣ ፊታቸውን እንኳ ወደ መኪናዋ ሳያዞሩ «ባትሪው ነው» አሉኝ።

«አይመስለኝም ጋሼ፤ ከቀየርኩት ወር አልሞላውም።»

«ባትሪው ነው።»

«ይቺ መኪና እኮ ባትሪዋ ሁለት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። ቡናቸውን ፉት አሉ። «እንግዲያው ሁለቱም ናቸው።»

የፊት መብራቱን አበራሁና ቁልፉን እንደገና አዞርኩ። መብራቱ ቅንጣት አልፈዘዘም። ባትሪ የደከመ እንደሆነ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሲጎትት መብራቱ አብሮ ይሞታል፤ ይሄን ማንም ያውቃል። «ይዩት ጋሼ፣ አልፈዘዘም» አልኳቸው በትሕትና።

«ቀን ስለሆነ ነው» አሉኝ።

ታላቅ ሰው ናቸው፤ ምን ይባላል? ኮፈኑን ዘጋሁት። ግን ያቺ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ስትጮህ ሰነበተች። ሳያዩ የሚፈርዱ ሰዎች በዙብኝ። ጨጓራ ቢያምህ «ቡና ቀንስ»፣ ልጅህ አልማር ቢል «ስልኩን ቀማው»፣ መኪናህ ብትቆም «ባትሪው ነው»። አንዱም ኮፈን ከፍቶ አያይም።

መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ኤም ጂ ቢ ትባላለች፤ እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን በምትባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ከተሠሩት አንዷ ናት። የኔዋ የ1971 ናት። ሸራ ጣሪያ፣ ሁለት ወንበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየቻት ዕለት የጠየቀችኝ «እንጀራው የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ነው። ባትሪዎቿ ባለ 6 ቮልት ሁለት መንትዮች ሲሆኑ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ምንጣፍ ገልጦ ክዳን ከፍቶ የሚደረስባቸው ጉድጓድ ውስጥ ተኝተዋል። ጋሼ ይሄን አያውቁም። ኮፈን ስከፍት ባትሪው እዚያ ያለ መስሏቸው ነው የፈረዱት።

በሽታዋ ደግሞ የሚመጣ የሚሄድ ነው፤ ሐኪም ደጅ ሲደርሱ እንደሚተው የጥርስ ሕመም። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አስር ጊዜ ቁልፉን አዞረ፣ አስር ጊዜ ተነሳች። ከመኪናዋ ይልቅ እኔን በሐዘኔታ አይቶኝ አስከፈለኝ። አስራ አንደኛው ቤቴ ደጃፍ ላይ ሆነ። ጠቅ።

እንግዲህ እኛ አገር መብራት አይበላሽም፤ ይሄዳል። ሲያሰኘው ይመጣል፣ እንደ እንግዳ። ሲመጣም የሰፈር ልጅ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮኽለታል። በዚህ ቋንቋ ላደገ ሰው የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ባዳ መሆን አልነበረበትም። እናቴ መብራት በሄደ ቁጥር ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» ትላለች። እወጣና የጎረቤትን መስኮት አያለሁ። «የሁሉም ነው» ካልኳት እፎይ ትላለች። (የጎረቤት ጨለማ የራሳችንን እንዴት እንደሚያቀልልን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ አሁን ከጀመርኩ አላቆምም።) የኛ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ቆጣሪው እንሄዳለን።

ከእናቴ የተሻለ የኤሌክትሪክ መምህር እስከ ዛሬ አላየሁም። መኪናም የሚጠየቀው እንዲሁ ነው። እንግሊዞቹ ሽቦውን በቀለም በቀለም ሰፈር ሰጥተውታል። ቡናማው ቁልፍ ቢዞርም ባይዞርም እሳት አለው፤ ነጩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ፤ አረንጓዴው ከነጩ በፊውዝ አልፎ የሚወጣው ነው፤ ጥቁሩ ማሳ። ፍሬቻው፣ የፍሬን መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ባንዴ ከሄዱ የጨለመው አረንጓዴው ሰፈር ነው፤ አንዱ ፍሬቻ ብቻ ከሄደ የቤቱ ጉዳይ ነው። የኔ ግን ክላክሱ ይጮኻል፣ መብራቱ ይበራል፣ የቤንዚን ፓምፑ ከኋላ «ተክ ተክ» ይላል። ሞተሪኖው ብቻ ነው ያኮረፈው።

ማሳ አልኩ አይደል? እዚህች ቃል ላይ ካልቆምኩ አይሆንልኝም። መኪናዋ እንግሊዝ፣ ስፍራው አሜሪካ፣ የመካኒክ ቋንቋችን ግን ጣሊያን ነው፦ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ። አማርኛ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ካቻቪቴው እጅ ሲወጋ ነው። ማሳም የጣሊያን ናት፤ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የብረቱ አካል። በኛ ግን ማሳ እርሻ ነው። እና እውነት ለመናገር የኛው ትርጉም ይበልጣል፤ ያልታረመ ማሳ ነው ጣጣው ሁሉ። የአሮጌ መኪና ብልሽት አብዛኛው የሚገኘው እሳቱ በሚሄድበት ሳይሆን በሚመለስበት መንገድ ነው። ዝገት፣ ቀለም፣ ጭቃ። ሁሉም ሰው ግን የሚያየው የሚሄደውን ብቻ ነው። (እስከ 1967 የተሠሩት የዚቺው መኪና እኅቶች ማሳቸው ፖዘቲቩ ነበር። በግራ የሚነዱ ሰዎች ባትሪም ገልብጠው ቢያስሩ አይገርመኝም።)

እሑድ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ። እዚያ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ባውቀው ደግሞ ጥሩ አልነበረም፣ አረንጓዴውን ሽቦ ቆርጦ በቀይ የቤት ሽቦ ቀጥሎታል። ብየዳ የለ፣ መገጣጠሚያ የለ፤ በጣቱ ጠምዝዞ ፕላስተር ጠቅልሎበታል። ፕላስተሩ በስብሶ ጣት ላይ እንደ ማር ይጣበቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይቺን ተረት ከልጅነቴ እወዳታለሁ፤ ሰው ግን ለትዳርና ለፖለቲካ ብቻ ነው የሚያውላት። ለሽቦ የሚያነሳት የለም፣ ቃል በቃል የምትሠራው እዚህ ሆና ሳለ! ያ ሰው ሲቀጥል ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ «ለጊዜው ነው» ነው ያለው። «ለጊዜው» የምትባል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለጊዜው የታጠረ ቆርቆሮ ልጆች ወልዶ ድሯል። ለጊዜው የተቀመጠ ሰው ጡረታውን እዚያው ወንበር ላይ ይጠብቃል። ለጊዜው የተበደረ ሰውማ...

የተበደረ ሰው! ቴስተሬን፣ የቮልት መለኪያዬን፣ የወሰደው ሚዜዬ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት «ለአንድ ቀን» ብሎ። በየፋሲካው «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል፣ በየእንቁጣጣሹ አበባ በስልክ ይልክልኛል፤ ቴስተር ግን አይልክም። ልጁ ክርስትና ስትነሳ «ብልሃተኛ ሰው መሣሪያ አይለየውም» ብዬ ንግግር አደረግኩ። አጨበጨበ። ሌላ መግዛት አቅቶኝ እንዳይመስላችሁ። ሌላ ከገዛሁ እሱ አሸነፈ ማለት ነው።

እና ያለ ቴስተር ነበር የቀረሁት። ማክሰኞ ጠዋት ብርድ ነው፤ ቾኩን (በብርድ እንድትነሳ ቤንዚን የሚያበዛላትን መጎተቻ) ጎትቼ ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። ደገምኩ። ጠቅ። ስደግም ስደግም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቾኩን ልመልስ ብይዘው እጄን ለበለበኝ።

ቾክ ምን አግኝቶት ይሞቃል? እሱ እኮ ተራ የሚጎተት ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያውቀውም። መኪናዋ ሥር ገብቼ ጭቃውን ስፍቅ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሞተሩ የተቀመጠው ጎማ ላይ ነው፤ ከቦዲው ጋር በብረት የሚያገናኘው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ አንድ የማሳ ገመድ ነው። ያ ሹሩባ ጫፉ ተበልቶ በጥቂት ፀጉር ተንጠልጥሏል። ሞተሪኖው ሲነሳ 200 አምፒር ያህል ይጎትታል። ያ ሁሉ ወደ ቤቱ መመለሻ ሲያጣ፣ አውራ ጎዳና ሲዘጋበት በኮብልስቶን ውስጥ ለውስጥ እንደሚሄድ የአዲስ አበባ ታክሲ፣ በቾኩ ሽቦ በኩል ሄደ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ፀጉሮቹ አንዳንዴ ይነካሉ፣ አንዳንዴ አይነኩም። መካኒኩ ጋ አስር ጊዜ ነክተዋል።

ምክንያቱን ሳገኝ ይልቅ የተናደድኩት በቴስተሩ ነገር ነው። ቢኖረኝም ዝም ብዬ ብለካው 12 ቮልት ብሎ ይሸነግለኝ ነበር፤ አንድ ፀጉር እንኳ ብትቀር ሥራ በሌለበት ሰዓት ሙሉ ቮልት ታሳልፋለች። የሚለካው ሸክም ላይ እያለ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የአንድ መቶኛ ኦም (የኤሌክትሪክ እንቅፋት መለኪያ ነው) እንቅፋት ብቻ ብትቀመጥ፣ በ200 አምፒር 2 ቮልት ትበላለች። እዚህ ግባ በማትባል ዝገት ማለት ነው።

አዲሱ ገመድ ዋጋው ከአንድ ክትፎ ያንሳል። ብረቱን እስኪያብረቀርቅ ፍቄ አሰርኩት። ተነሳች። ግን ማረጋገጥ አለብኝ፤ ከሞተሩ እስከ ቦዲው፣ ሞተሪኖው እየዞረ ከ0.2 ቮልት በታች ማንበብ አለበት። ኩራቴን ዋጥኩና ለሚዜዬ ደወልኩ።

«ኧረ እሱ አንተ ጋ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ አስታወሰ። ማታውኑ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ፤ ምስጋና የሚጠብቅ ፊት ነበረው። አንዱን ሽቦ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ ያዝኩና «አዙር» አልኩት። አዞረ፤ ሞተሩ ዘለለ። የቴስተሩ መስታወት ግን ባዶ ነው። አብርቼ አጠፋሁት፣ መታ መታ አደረግኩት። ባዶ።

ሚዜዬ ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንገቱን እንኳ ሳያሰግግ፣ «ባትሪው ነው» አለኝ።

ጀርባውን ከፈትኩት። ባለ 9 ቮልቷ ፈሳ፣ ዝጋ፣ ከሽቦው ጋር አንድ ሆናለች።

ለጋሼ እንዳትነግሯቸው።