ግራይንደሩን አስቀምጡት

የአዳማ ልጆች፣ በየብረታ ብረት ቤቱ ብየዳ የምትለማመዱ፣ በቴክኒክና ሙያ የምትማሩ፣ ልጆቻችሁ የእጅ ሙያ ይዘው እንዲያድሩ ብላችሁ ለዚህ ሥራ የሰጣችሁ ወላጆችም፣ ስሙን። ብየዳ ሲበላሽባችሁ እጃችሁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ግራይንደር ነው። ጉብታውን ትልጉታላችሁ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ትደፍናላችሁ፣ አንቲረስት ትቀቡበታላችሁ። በማግስቱ የት ጋ እንደተበላሸ ራሳችሁም አታገኙትም። ደንበኛውን ማታለላችሁ በደል ነው። ገና በመማር ላይ ያለውን የራሳችሁን እጅ ማታለላችሁ ግን ከዚያም ይብሳል። ጥፋቱ ሳይነገረው ያደረ እጅ ነገም ያንኑ ያጠፋል።

ሰበብ መቼም ሞልቷል። ንፋሱ ነው፣ መብራቱ ወርዶ ነው፣ ኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ፣ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ማሽኑ አርጅቶ ነው ትላላችሁ። እያንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። በሁለቱ የአዳማ የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች 136 ተርባይን የሚያዞር ንፋስ፣ ብየዳውን ከአየር የሚከልለውን ጢስም ይበትናል። ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽንም ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ማጣራት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ማሽኑን በአጭር ወፍራም ገመድ ሰኩት፣ ንፋሱን በላሜራ ከልሉት። ከዚያ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ኤሌክትሮድ፣ በዚያው አምፔር፣ ባለሙያው ከእናንተ መስመር ጎን አንድ መስመር እንዲበይድ ለምኑት። የእሱም ከተበላሸ ማሽኑን ክሰሱ። የእሱ ከቀና ግን ጥፋቱ የእጃችሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንፋሱን መውቀስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

እጃችሁ ያጠፋውን ለማወቅ ደግሞ ስበሩት። ከቁርጥራጩ መሐል 4 ሚሊ ውፍረት፣ 10 ሳንቲ ርዝመት፣ 5 ሳንቲ ስፋት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ምረጡ። ዝገቱንና ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። አንዱን አጋድሙት፣ ሌላውን መሐሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ከ80 እስከ 90 አምፔር ላይ፣ በአንድ ወገን ብቻ በይዱ። ሌላውን ወገን አትንኩት። ውኃ ውስጥ ሳትነክሩት በራሱ ይቀዝቅዝ።

አሁን መዶሻውን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ላዩን አይታችሁ፣ በጠመኔ ብረቱ ላይ "ይይዛል" ወይም "አይዝም" ብላችሁ ጻፉ። ይህን አትዝለሉት። ብረቱን ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ እሰሩ፣ መነጽር አድርጉ፣ ባልተበየደው ወገን ቆማችሁ የቆመውን ብረት ወደ ብየዳው አቅጣጫ በከባድ መዶሻ ምቱት፤ እስኪሰበር ወይም ጨርሶ እስኪተኛ ድረስ።

ስባሪው ላይ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነገር ካያችሁ፣ ዓይን የሚያምረው በእንጀራ ላይ ነውና፣ ወይ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ነክቶት ነበር፣ ወይ ዝገቱ አልጸዳም፣ ወይ ጫፉን ከብረቱ አርቃችሁ ይዛችሁ ነበር። ርቀቱ ከኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት መብለጥ የለበትም። እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነገር ከመሐሉ ከወጣ፣ ከኤሌክትሮዱ ሽፋን ቀልጦ ብየዳው ላይ የሚረጋው ቅርፊት ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል፤ አምፔሩ አንሶ ወይም ኤሌክትሮዱን ያዘነበላችሁበት አቅጣጫ ተሳስቶ ቅርፊቱ ቀድሟችሁ ሄዷል።

ከሁሉም አታላዩ ግን ላዩ አምሮ ሥሩ ያልያዘው ነው። መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሮ ያምራል፤ ሲሰበር ግን የቆመው ብረት ጠርዝ እንደተቆረጠ፣ ስለታሙ ሳይቀልጥ፣ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሙቀቱ ሥር አልደረሰም፤ አምፔሩ አንሷል፣ ወይም ጫፉን ወደ አንዱ ብረት ብቻ አዙራችሁ ነበር። ይህን ጥፋት ዓይን አያየውም፣ ቀለም የተቀባ ዕለት ደግሞ ማንም አያየውም።

አሥር ጊዜ እንዲህ አድርጉና ጠመኔው ያለውን ከስባሪው ጋር አስተያዩ። አሥሩም ላይ "ይይዛል" ጽፋችሁ ስድስቱ ሥራቸው ካልያዘ፣ የጎደላችሁ የብየዳ ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ዓይንም የላችሁም፣ እሱም መማር አለበት። በደብተር ላይ አምፔሩን፣ የብረቱን ውፍረትና ያያችሁትን ጥፋት ጻፉ። በሚቀጥለው ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አምፔሩንም፣ ፍጥነቱንም፣ አያያዙንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው ቢቀናው እንኳ የቀናው በምን እንደሆነ አያውቅም።

ሌላም ውሸት አለ፣ ትሕትና የሚመስል። "እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም" የሚለው። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ወድቃችሁ ፈታኙ ጠልቶኝ ነው ማለትም፣ እኔ አልረባም ማለትም ከአንድ ጥያቄ መሸሽ ነው፦ የትኛው መስመር ላይ፣ በየትኛው ጥፋት ወደቅሁ? ሥሩ አልያዘም የሚል መልስ መድኃኒት አለው። አልረባም የሚል መልስ ግን የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል፣ በሽታውን አጋንኖ የሚያወራውም በዚያው ይቆጠራል።

እናንተ ባለሙያዎች፣ ልጁ የተበላሸ ሥራ ይዞ ሲመጣ ሰው ፊት አታዋርዱት፤ የተዋረደ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ግራይንደር ያነሳል። በደፈናው ጎበዝ አትበሉት። ስባሪውን አብራችሁት እዩ። ወላጆችም ገና በሦስተኛው ወር "ስንት ከፈሉህ?" አትበሉ፤ ስንት እንደሰበረ ጠይቁት።

በየግቢው ከፍ ብለው የቆሙትን የሮቶ ማቆሚያዎች አስቡ። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 2 ቶን ነው፤ ከሥሩ ልጆች ይጫወታሉ፣ እናቶች ልብስ ያጥባሉ። ሥሩ እንዳልያዘ እያወቃችሁ ቀብታችሁ ያስረከባችሁት ካለ፣ ዛሬውኑ ለባለቤቱ ንገሩት። አፍራችሁ በራችሁን አትዝጉ። ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀለሙን አንሱ፣ የተጠረጠረውን መስመር እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ ቆርጣችሁ አውጡ፣ እንደገና በይዱት። ማንም ከሥሩ ከመግባቱ በፊት ግን ሮቶውን ባዶ አድርጉት።